ፀጉር ሊቆረጥ ሊንውድ ድረስ

ወለድኩ! በአርባ አራት ዓመቴ፣ ማሕፀኔ ጡረታ ወጥቷል ብዬ ካወጅኩ በኋላ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ! እስቲ ባለሽበት ሆነሽ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በይኝ። ሦስት ኪሎ ተኩል፣ ፀጉሯ እስከ ማጅራቷ፣ ጩኸቷ እስከ ጎረቤት! ሆስፒታሉ ውስጥ እልል የሚል ዘመድ ስላልነበረ ይርጉ ራሱ ተነስቶ ሦስት ጊዜ እልል ቢል፣ ነርሷ ሰው የሞተ መስሏት እየሮጠች ገባች። ያ ዝምተኛ ባሌ!

ይቅርታ፣ ደስታው ከሰላምታው ቀደመብኝ። ውድ ባልንጀራዬ፣ ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ያ የጉልበትሽ ነገር ተሻለሽ? ሱቁስ እንዴት ይዞሻል? እኔ፣ ምስጋና ለእሱ ይሁንና፣ ከእንቅልፍ በቀር ምንም አልጎደለኝም።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምሽ። ኮል ሳደርግ አታነሺም፣ ቴክስት ሳደርግ አትመልሺም፣ ቤተ ክርስቲያን ስታይኝ ነጠላሽን ወደ ዓይንሽ ሳብ አድርገሽ በወንዶች በኩል ትወጫለሽ። አንድ ዓመት ሞላን እኮ! ናዝሬት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርን ሰዎች። ትልቋ ልጄ ፀዲ ወረቀት ስዘረጋ አይታ «ማሚ፣ ሁ ራይትስ ሌተርስ?» ብላ ሳቀችብኝ። ወረቀት ብሎክ አይደረግም አልኳት።

ሰው ምን ብሎ እንደነገረሽ አላውቅም፤ ከኔ ስሚው።

ኬንት ቤት ከገዛን ወዲህ እኔ ሰው አልነበርኩም። ጠዋት ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፣ ከሰዓት ካፒቶል ሂል ሬስቶራንት ኩሽና እገባለሁ። ይርጉ ደግሞ ጎህ ሲቀድ መጋዘን ገብቶ ፎርክሊፍት ይነዳል። በር ላይ ፈረቃ እንደሚቀያየሩ ሁለት ዘበኞች እንተላለፍ ነበር። እሑድ እሑድ የሳምንቱን ወጥ ሠርቼ፣ በየሳህኑ ከፍዬ፣ ክዳኑ ላይ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ብዬ ጽፌ ፍሪዘር ውስጥ እደረድርለታለሁ። ሚስትነት ይሄ መስሎኝ! እንዲያውም «የኔ ባል ምን ጎድሎበት» እያልኩ ሴቶቹ ፊት እኩራራ ነበር።

አምና በጾሙ ወራት ሊንውድ ለቅሶ ነበር። እኔ ሥራ ስለነበረኝ ይርጉን ብቻውን ላክሁት። እዚያ አንዲት ሴት አገኘ። ስሟን አልጠራም። ናዝሬት ሳለ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የወደዳት ልጅ ናት፤ እሱ ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ቤተሰቦቿ ለሌላ ዳሯት፤ ያ ትዳር ግን አልቆየም። ምስር ጨምራለት ቀና ብላ አየችውና «ይርጉ፣ ፊትህ የራበው ሰው ፊት ነው፤ ማነው የሚያበላህ?» አለችው። እንባው ዱብ ዱብ አለ። የለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም፤ እንዲያውም «አይ ይርጉ፣ ሆደ ቡቡ» ብለው አመሰገኑት አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ «ፀጉሬን ልቆረጥ ሊንውድ ሄጃለሁ» ይለኛል። ልብ በይ፣ በዚያ ትራፊክ ከኬንት ሊንውድ፣ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ! ደግሞም ልብ በይ፣ ይርጉ አናቱ ላይ ፀጉር ካጣ አሥር ዓመቱ ነው! እኔ ሞኟ «ሶ፣ ጎበዝ ባርበር አገኘህ? ቲፕ እንዳትረሳ» እለው ነበር።

አንድ እሑድ ፍሪዘሩን ስከፍት «ሐሙስ» የተጻፈባቸው አምስት ሳህኖች በረዶ ለብሰው ቁጭ ብለዋል። ደነገጥኩ። ስኳር ይዞት ይሆን ብዬ በሽታ ጠረጠርኩ። ፀዲ ከስልኳ ቀና ሳትል «ማሚ፣ ሂ ኢዝ ጀስት ሎንሊ» አለችኝ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ! እኔ ያላየሁትን አይታዋለች።

ጠየቅኩት፤ አልካደም። «ምን በደልኩህ? ምግብህ በየቀኑ ተጽፎ ተቀምጦልሃል» ብለው፣ «የጻፍሽውንማ እበላለሁ፤ ጸሐፊዋን ካየሁ ግን ስንት ጊዜዬ?» አይለኝ መሰለሽ! እዚያስ ምን አለ አልኩት። ሻይ አለ፣ ውሎህ እንዴት ነበር የሚለኝ ሰው አለ፣ መልሴን እስክጨርስ ስልክ የማያነሳ ሰው አለ አለኝ። እጇን እንኳ እንዳልነካ ማለልኝ። «ልቤ ግን ሄዶ ነበር፤ አልዋሽሽም» ብሎ ጨመረ። ባይጨምርልኝ ምን ነበረበት።

ቀጥሎ የነገረኝ ነው እስካሁን የሚያብከነክነኝ። በመጨረሻው ሐሙስ ሻንጣ ይዞ ነው የሄደው። እኔ ካፒቶል ሂል ድስት ስፈትግ ባሌ ሻንጣ ይዞ! ሴትየዋ በሩን ከፈተች፣ ሻንጣውን አየች፣ «ይርጉ፣ ከገባህ አላስወጣህም። ስለዚህ አትግባ። ወደ ሚስትህ ሂድ» ብላ ዘጋችበት። ደረጃው ላይ ቆሞ ከበሩ ጀርባ ስታለቅስ ሰማት።

ያን ቀን የሆንኩትን እኔና ግድግዳው ነን የምናውቀው። ሲውል ሲያድር ግን የማስበው ስለ እሱ መሆኑ ቀረ። ስለ እሷ ሆነ። እኔ ብሆን፣ ያለ ባል፣ ያለ ልጅ፣ የልጅነት ፍቅሬ ሻንጣ ይዞ በሬ ላይ ቢቆም፣ እዘጋ ነበር? እውነቱን ልንገርሽ፣ የምዘጋ አይመስለኝም።

በሳምንቱ የካፒቶል ሂሉን ሥራ ተውኩት። መጀመሪያ ሰሞን ምን እንደምናወራ ጠፍቶን እንደ እንግዳ እንተያይ ነበር። ውሎህ እንዴት ነበር ስለው ስለ ፎርክሊፍቱ ባትሪ ያስረዳኛል፤ እኔም እስኪጨርስ እሰማለሁ። ከባትሪው ቀጥሎ ያለውን አልጽፍልሽም፤ ውጤቱ አጠገቤ ተኝታለች።

ቆይ፣ ምን ተኝታለች፣ ተነሳች።

ተመለስኩ። ወደ ጉዳዬ ልግባ። ይርጉን ክርስትና እናት ማን ትሁን አልኩት። የምናውቃቸውን ሴቶች አንድ በአንድ ሲቆጥር ያንቺን ስም ዘለለው። እኔ ጠራሁት። ያጥበው የነበረው ጡጦ ከእጁ ወደቀ። «ትመጣለች ብለሽ ነው?» አለኝ። ካልመጣች ልጅቷ ክርስትና እናት የላትም አልኩት። ዞር ብሎ ጡጦውን እንደገና ማጠብ ጀመረ፤ ታጥቦ ያለቀውን።

እምቢ እንዳትይኝ። ማርያማዊት ብለናታል፤ የኔ ብቻ አትሆንም፣ ያንቺም ትሁን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅሽ ድረስ አመጣልሻለሁ፣ «እቴቴ» ብላ ትልመድሽ። እኛ ደግሞ አበልጅ እንሆናለን። አበልጅነት ከሥጋ ዝምድና እንደሚበልጥ ላንቺ አይነገርም፤ ከዚያ ወዲያ ይርጉ ወንድምሽ ነው። ቤታችን በፈለግሽው ቀን ትመጫለሽ፣ ሻዩን የማፈላው እኔ ነኝ፣ ማንም ማንንም አይሸሽም። ፈርተሽ እንደሆነ እኔም ፈርቻለሁ። ይሄን ደብዳቤ ሁለቴ ቀድጄ ነው እንደገና የጀመርኩት፤ አንደኛውን በንዴት፣ ሁለተኛውን በሃፍረት። ይሄኛውን ግን ሳላነበው አሽጋለሁ።

እመቤታችን ለሌላ ብለሽ የተውሽውን በሌላ መንገድ ትካስሽ። ደጅሽን ሰው አያሳጣው፣ ጉልበትሽንም ታጽናልሽ።

ሰማንያ ቀኗ ግንቦት ልደታ ላይ ይሞላል፣ ዕድሏ አይገርምሽም? ክርስትናው ከቅዳሴ በፊት ነው፣ ድግሱ ኬንት እኛ ቤት። የናዝሬት ልጆች ሁሉ ተጠርተዋል፣ የይርጉ መጋዘን ሰዎች እንኳ ይመጣሉ። ሌላው ሰው ቢያረፍድ አረፈደ፤ አንቺ ግን በጠዋት ድረሺ፣ ልጅቷን የሚያቅፍ ሌላ ሰው የለምና። ቅዳሜ ነው፤ ግንቦት አንድ ቀን።

አበልጅሽ