ለዓባይ የመረጥኳቸው የጦርነት መጻሕፍት

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓባይ፤ ባሕር ዳር

እንዴት ከርመሃል ልጄ? እዚያ ዝናቡ ጠንቷል ሲሉ በሬዲዮ ሰማሁ። ጃንጥላ ግዛ ብልህም አትገዛም። እዚህ ክረምቱ ስሙ ብቻ ነው፤ ትንሽ ያጉረመርምና ይተወዋል። እናትህ ደህና ናት። ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው ሙዟ ዘንድሮ ጥሩ ይዞላታል። እኔም ደህና ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማለዳ የሚያስነሣኝ ነገር ባይኖርም እነሣለሁ።

ያለፈው እሑድ በስልክ፣ «አባዬ፣ ለመኮንንነት ልመዘገብ ነው፤ ማሠልጠኛ እስክገባ ክረምቱን የማነበው የጦርነት ታሪክ ምረጥልኝ» ስትለኝ፣ «እሺ፣ ላስብበት» ብዬ ዘጋሁት። እናትህ አጠገቤ ነበረች። ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ያስተማረ ሰው፣ ገና መመረቁ የሆነ ልጁ መጽሐፍ ምረጥልኝ ሲለው ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እኔን ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝምም። ተነሥቼ መደርደሪያው ጋ ሄድኩ።

የመረጥኳቸውን በካርቶን አስሬ በነገው አውቶቡስ እልክልሃለሁ። መጀመሪያ ቀጭኗን አንብብ። የጻፋት የስንቅና ትጥቅ ሹም የነበረ ሰው ነው። አማርኛው ደረቅ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ያስነሣል። ግን ተራራ ላይ ያለ ወታደር በቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ፣ ውሃው በማን ጀርባ እንደሚወጣ፣ አህያዋ ስትሞት ማን እንደሚተካት ይነግርሃል። ካነበብኳቸው ሁሉ ያመንኩት እሱን ነው። ቀጥሎ ከሩስኛ የተተረጎመውን፣ ስለ አንድ ከተማ መከበብ የሚያወራውን አንብብ። ሰዎቹ ቀበቶ ቀቅለው ይበላሉ። ምሳህን በልተህ ጀምረው።

ወፍራሙ ሰማያዊ የአንድ ጡረተኛ ጄኔራል ነው። ካርታዎቹ ግሩም ናቸው፤ እነሱን ተመልከትና ጽሑፉን እለፈው። ሰውየው በሕይወቱ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። የተሳሳቱት ሌሎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሞተዋል፣ መልስ አይሰጡትም።

የፉከራና የቀረርቶውን መጽሐፍ አልላክሁትም። እሱ የፈቃደ ነው። ወንድምህ ሊሄድ ሰሞን እዚህ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደ ጮክ ብሎ ያነበው እንደነበር ታስታውሳለህ። ካርቶኑ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ መልሼ አወጣሁት።

የመጨረሻው ፈቃደ የሞተበትን የድንበሩን ጦርነት የሚተርከው ነው። እንዳገኘሁት ሳልነሣ ጨረስኩት። የፈቃደን ክፍለ ጦር ፍለጋ ነው ያነበብኩት። ቀበሌ ጠርተው መርዶውን ሲነግሩን ክፍሉንና ቀኑን ከመንገር በቀር፣ እንዴት ሆኖ እንደሞተ አልነገሩንም። የት እንደተቀበረም አናውቅም፤ ፎቶውንና ኮቱን ይዘን ነው ያለቀስነው። መጽሐፉ ውስጥ ያ ክፍለ ጦር አለ። ቀኑም አለ። «ኮረብታው ሲያዝ በወገን በኩል መጠነኛ ጉዳት ደርሷል» ይላል። ከዚያ ወደ ሌላ ምዕራፍ ያልፋል። መጠነኛ ያለው ወንድምህን ነው። ያን ዕለት ምንም አልተሰማኝም፤ እራቴን በልቼ ተኛሁ። አሁን ስጽፍልህም ምንም አይሰማኝም። ይህ ጤና እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ካርቶኑን ሳስር እናትህ ከማሳ ገባች።

«ምንድን ነው?» አለች።

«የዓባይ መጽሐፍ።»

«የጦርነት?»

«አዎ።»

«ካነበበ ይቀራል ብለህ ነው?»

«እንጃ።»

«ፈቃደም አንብቦ ነው የሄደው» አለችና እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጣች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ደጋ ወዳሉት ታላቅ ወንድሟ ላከችባቸው። አጎትህ ጋሽ ኤርጫፎ ከጨንቻ ወርደው ሁለቱ በጋሞኛ ሲመካከሩ ዋሉ። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ያን ተራምዶ የሚሄድ የለም። ልጅ ሆነህ፣ ዱላ ይዘው የተነሡ ጎረምሶች ሣሩን ሲያዩ ዱላቸውን ጥለው ሲመለሱ አይተሃል። አሁን ደግሞ፣ ነሐሴ ላይ ለምዝገባው የትምህርት ማስረጃህን ልትወስድ ስትመጣ፣ በምትወጣበት ጠዋት አጎትህ በራችን ላይ ሣር ይዘው ሊንበረከኩ ነው።

እኔ እንደምታውቀው የጎጃም ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር ያገሩን ሥርዓት አከብራለሁ እንጂ እጄን አስገብቼ አላውቅም። ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

«ጋሼ፣ ሣሩ የሚያዘው ለተጣላ ሰው ነው። እዚህ ማን ከማን ተጣላ?» አልኳቸው።

«ልጁ የሚሄደው ሊጣላ አይደል?»

«ከማን ጋር?»

«እሱ ያውቃል? አንተስ ታውቃለህ?» አሉኝ።

ሙዝ አቀረብኩላቸው፤ በሉ።

እናትህ እንዳትነግረው ብላኛለች፤ ይኸው ነገርኩህ። ሳታውቅ መጥተህ በር ላይ እንድትያዝ አልፈልግም። ሃያ ሁለት ዓመትህ ነው። ሥራ እንደ ልብ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ የራስህን እንጀራ መብላት ፈልገሃል፣ አልፈርድብህም። ሠራዊቱንም ክፉ አልናገርም፤ አገር ያለ ጠባቂ አይኖርም እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ መምጣቱን ካልፈለግህ ደውልልኝና ማስረጃህን ከአውቶቡሱ ሾፌር ጋር እሰድልሃለሁ። ሣሩን ሳታይ ትሄዳለህ። እናትህ ይህን ይቅር የምትለኝ አይመስለኝም፤ ቢሆንም እሰድልሃለሁ።

ከመጣህ ግን አስቀድመህ እወቅ። ጋሽ ኤርጫፎ ብቻቸውን አይደሉም። ትናንት እናትህ ገበያ ስትወጣ በሩ ላይ ሄጄ ሞከርኩት፤ ጉልበቴ ታጠፈልኝ፣ መነሣቱ ነው ያስቸገረኝ። ያን ጠዋት እኔም አጠገባቸው እንበረከካለሁ። አባት ለልጁ ሲንበረከክ አይቼ አላውቅም፤ ደግ ይሁን ነውር ይሁን አላውቀውም። ማስረጃህ በኪስህ ይሆናል፣ እጅህን የሚይዝህ የለም። ተራምደኸኝ ብትሄድም ልጄ ነህ።

ጤናውን ይስጥህ። ባለህበት ጥላ ከለላ ይሁንህ።

አባትህ
ሽመክት