በአቤቱታ ያጌጠ ዳስ

ሰኞ፣ ግንቦት ፲ ቀን ፲፱፻፶፮

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ውስጥ ማናቸውም ወረቀት ለእሳት ማቀጣጠያ፣ ለበርበሬ መቋጠሪያና ለመሳሰለው አገልግሎት እንዳይውል በጥብቅ ተከልክሏል። ክልከላውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የተቃወመችው ባለቤቴ ይታይሽ ናት። ልጃችን ሙሉ ድምፅ አልሰጠችም፤ መሳቋ እንደ ድምፅ አይቆጠርም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፊታችን እሑድ ሙሉን እንድራለን። ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ማሳችንን ከነአዝመራው ስለወሰደው ድንኳን ከጎንደር ማስመጣት አይታሰብም። ዳሱን ከነጌጡ እኛው እንሠራዋለን። ግድግዳው የጣና ደንገል፣ ጣሪያው ፊላ ሣር። መቀመጫው እንደ ነዶ የታሰረ ደንገል፣ ላዩ አጎዛ። ቀዩ ቀለም እንሶስላ፣ ቢጫው እርድ፣ ሙጫው የስንዴ ዱቄት። ለሙሽራው እናት ስጦታ ሙሉ ራሷ የሰፋችው ሙዳይ። ለዳሱ ጌጥ ወረቀት።

ወረቀትስ ሞልቷል። ወረታ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ሆኜ ስንት ዘመን የሰው አቤቱታ ስጽፍ አንድ ረቂቅ ጥዬ አላውቅም። ሣጥን ሙሉ አለ።

“አንተ ሰውዬ፣ የአገሩን ገመና ሙሽራ አናት ላይ ልትሰቅለው ነው?” አለች ይታይሽ። በቀጭኑ ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ነገር ማን ያነበዋል አልኋት። “ሥራ ፈት ያነበዋላ። ሠርግ ላይ ደግሞ ሥራ ያለው ማን አለ?” አለችኝ። ጉባኤውን ዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፲፩

ሙሉና ጓደኞቿ ቆረጡ፣ እኔ ለጠፍሁ። ቀለበት በቀለበት እየገባ ሰንሰለት ሆነ፤ ጠርዙ ቀይና ቢጫ፣ መሐሉ ነጭ። ዘጠኝ ሰንሰለት ተሰቀለ። ጎንደርም እንዲህ ያለ ዳስ የለ!

ከሰዓት በኋላ አያ ፈንቴ መጣ። ጎረቤታችን ነው። አምና ለልጁ ሠርግ ያስመጣውን ድንኳን ነፋስ አንሥቶ ከብት ማጠጫው ላይ ጥሎበታል። ከሰንሰለቱ ሥር አንገቱን ሰቅሎ ቆመ። ቆሞ ቀረ። “ድንቅ ነው” አለ። ቀጥሎም “እውነት ድንቅ ነው” አለ። ፈንቴ የሰውን ነገር ሁለት ጊዜ አመስግኖ አያውቅም። ልብ በል አልሁ ለራሴ።

ሲወጣ ሦስተኛው ሰንሰለት ከመሐሉ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ነፋስ የለም። ከብት አልገባም። የነበረው ፈንቴ ብቻ ነው። ምንም አልልም፤ ጽፌዋለሁ ብቻ።

ረቡዕ፣ ግንቦት ፲፪፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ የደብራችን ቄስ አባ ይርዳው ዳሱን ሊባርኩ መጡ። ሦስቱን ማዕዘን ቶሎ ቶሎ ባረኩ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ጸሎቱ ረዘመ፤ ዓይናቸው ወደ ላይ፣ መቋሚያቸውም ወደ ላይ። እኛ ጎንበስ ብለን አሜን ስንል ቆየን። ከሄዱ በኋላ በአራተኛው ማዕዘን አምስት ቀለበት ጎደለ። ክፍተቱ ከመቋሚያቸው ጫፍ ጋር ትክክል ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለካሁት።

ተጠርጣሪዎች፦
አያ ፈንቴ፤ በቅናት።
አባ ይርዳው፤ ስማቸው በእርሳስ ይያዝ፣ እንዲጠፋ።
ጠላ ሻጯ እትዬ ጥሩ፤ ወደ ላይ እያየች ስትሄድ ምሰሶ ገጭታለችና።
ይታይሽ፤ ነገሩን ከመነሻው ስለተቃወመች።

ይታይሽ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። የተጠሪዎች ዝርዝር ነው አልኋት። አራቱም ሠርጉ ላይ ስላሉ ውሸት አይባልም።

ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፫

ሌባ ልይዝ ከደንገሉ ግድግዳ ጀርባ ተቀመጥሁ። ትንኝ በላኝ። ረፋዱ ላይ እትዬ ጥሩ ገባች። ፊደል አታውቅም፣ እሷ ራሷ ነግራኛለች፤ ግን ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ትሄዳለች። ዘልዬ ወጣሁባት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር።

“እሰይ መጣህልኝ! የኔ የቱ ነው?” አለችኝ።

“ምኑ?”

“ያ ባሌን የከሰስሁበት ነዋ። እኛ እኮ ታርቀናል። እሑድ እዚህ ሊቀመጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ማንበብ ይችላል፣ ምን ያደርጋል!”

የታሰረው ደንገል ላይ ዘጭ አልሁ። ሰንሰለቱን ቀርቤ አየሁት። ወረቀቱ ባለመስመር ነው፤ ሙሉዬ ደግሞ ጠንቃቃ ናት፣ መስመሩን ተከትላ ቆርጣዋለች። እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ሙሉ መስመር ይዟል፣ ከነነጥቡ። ዳኞች እንኳ በዚህ ጥራት አንብበውኝ አያውቁም።

አሁን ሁሉም ገባኝ። ፈንቴ የወሰደው ወንድሙን ርስት ነጠቀኝ ብሎ የከሰሰበትን ነው፤ ለፋሲካ ታርቀዋል። አባ ይርዳው የወሰዱት “ምእመኑ ለነፍሱ እንኳ የሚሰስት ስለሆነ ወደ ሌላ ደብር ልዛወር” ያሉበትን ነው። ነገሩ ስርቆት አልነበረም። ባለጉዳዮቹ ፋይላቸውን ሲያወጡ ነው የከረሙ።

ስቄ ሳልጨርስ ሌላ ፋይል ትዝ አለኝ። የሙሽራው አባት፣ የሐሙሲቱ ግራዝማች ወርቁ! ከሦስት ዓመት በፊት፣ ይህ ጋብቻ ሳይታሰብ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግራዝማችን በድንበር ስትከስ አቤቱታውን የጻፍሁላት እኔ ነኝ። “የድሀ ድንበር በሞፈር ሳይሆን በአፋቸው የሚያርሱ፣ በሬ ሳይጠምዱ የሚያጭዱ ሰው ናቸው” ብዬ። ያን ቀን በዚህ መስመር ኮርቼ እራቴን ሁለት ጊዜ በልቻለሁ። ስሜ የለበትም። የእጅ ጽሑፌን ግን ወረታ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ሣጥኑን ገለበጥሁት። የለም። ተሰቅሏል።

ዐርብ፣ ግንቦት ፲፬

ሙሉ ከማለዳ ጀምራ መሰላል ላይ ናት። ውረጂ፣ እኔ ልውጣ ብላት “የቆረጥሁት እኔ ነኝ አባባ” አለችኝ። ምሳ አልበላችም። የሴትዮዋን ስም የያዘው መስመር ተገኘ። “ግራዝማች ወርቁ” የሚለውም ተገኘ። ያ ክፉው መስመር የለም።

ሁሉንም እናውርደው አልሁ። ደንገሉ ግን በፀሐይ ገርጥቷል፤ ያለ ጌጥ የጥጃ ማደሪያ ነው የሚመስል። ሙሉ መሰላሉ ሥር ተቀምጣ የጣቷን ሙጫ ትልጣለች።

ይታይሽ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። “ልጂቱ ልጁን ወዳዋለች። አባቱ አንብቦ ተቆጥቶ ቢመለስ ሌላ ባል አምጡልኝ የምትል እንዳይመስልህ።” የት ተያዩ? መቼ? እኔ ሳላውቅ? ሐሙሲት ገበያ፣ አለች ይታይሽ፣ አንተ ጨው ስትመርጥ። ለካስ የተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ጎዶሎ ኖሯል።

አንድ መጽናኛ አለኝ። ግራዝማች ወርቁ ፊደል አይለዩም፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። የጋብቻው ውል ላይ በአውራ ጣታቸው ሲፈርሙ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ግን አጃቢዎቻቸውስ? ሚዜዎቹስ? ዛሬ ጊዜ ማን የማያነብ አለ!

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፲፭

ብልሃቱን ያመጣችው ሙሉ ናት። ቀለበቱ ሁሉ ይፈታ፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይዙር፣ እንደገና ይለጠፍ። በአንድ ቀን? አዎ፣ ሰው ከተገኘ።

ሰው ተገኘ። ማንም ሳይጠራው! አያ ፈንቴ ከታረቀው ወንድሙ ጋር መጣ፤ አንዱ ከወዲያ ጫፍ፣ አንዱ ከወዲህ ጫፍ ተቀምጠው እየተሰራረቁ ይተያያሉ። አባ ይርዳው ራሳቸው ከመሐል ተቀመጡ። እትዬ ጥሩ ሙጫ አማሰለች። እንዲህ ያለ ትብብር በጎርፉም ጊዜ አላየሁም። “ለልጃችን ብለን ነው እንጂ” ይላል ፈንቴ፤ ኪሱ እያበጠ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈጸመ። ጽሑፉ ሁሉ ወደ ውስጥ፣ ነጩ ወደ ውጭ። ያን መስመር ግን አየሁ የሚል የለም። ግማሹ ገልባጭ ፊደል አያውቅም፣ ግማሹ የራሱን ብቻ ነው የሚፈልግ። ፈንቴን ለብቻው ይዤ፣ ደብቀኸው ከሆነ ስጠኝ አልሁት። “በሚካኤል አልያዝሁም!” ብሎ ማለ። ሚካኤል ረቡዕ አልፏል። አላመንሁትም።

ሌላ ስጋት፦ ደህናው ዱቄት ለድፎው ስለተፈለገ ሙጫው ቀጥኗል።

እሑድ፣ ግንቦት ፲፮

መጡ። ግራዝማችም መጡ። የሙሽራ አባት ደጁ ላይ ሆኖ ሙሽሪትን ይጠብቃል ሲባል ነው የማውቀው፤ እኒህም ይቀሩልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ከመሐለኛው ሰንሰለት ሥር ተቀመጡ። ሌላ ቦታ ጋበዝኋቸው፤ እዚሁ ይሻለኛል አሉ። ለምን ይሻላል?

መብል ቀረበ፣ ዘፈኑ ደመቀ። ከጣና በኩል ነፋስ ገባ። ሰንሰለቱ ተንቀጠቀጠ፣ ያ ቀጭን ሙጫ ለቀቀ፣ አንድ ቀለበት ተፈትቶ ግራዝማች ጉልበት ላይ አረፈ። ከቆምሁበት አነበብሁት። ‘የድሀ ድንበር በሞፈር ሳይሆን…’ ሙሉም ከዓይነ ርግቧ ሥር አየችው። ዓይኗን ጨፈነች።

ግራዝማች አንሥተው አገላብጠው አዩትና “ምን ይላል ዘመዴ?” አሉኝ።

“ምርቃት ነው ግራዝማች። ‘ጋብቻችሁ እንደ ጣና ይስፋ’ ይላል።”

“ጽሑፉ በዛ ብሎ ይታየኛል።”

“የቀረው አሜን ነው።”

“ብዙ አሜን ነዋ!” አሉ። አጠፍ አድርገው ኪሳቸው ከተቱት። ለቤቴ በረከት ይሁነኝ አሉ።

ሙሉ በበቅሎ ሄደች። ስትስመኝ ጉንጬ ላይ እንሶስላ ቀረ። አሁን የማስበው ያን ወረቀት ነው፤ ሐሙሲት ላይ ማንበብ የሚችል ስንት ሰው ይኖር ይሆን?

ሰኞ፣ ግንቦት ፲፯

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወረቀቴን ዘርግቼ ሳልጨርስ ግራዝማች ወርቁ ከበቅሎ ወረዱ። ልጄን ሊመልሱ ነው አልሁ።

“አንድ አቤቱታ ይጻፉልኝ” አሉና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ብዕሬን ነክሬ ጀመርሁ። ገና ራስጌው ላይ ሳለሁ “ዘመዴ፣ ዛሬ አሥራ ሰባት ነው። አሥራ ስድስት ብለዋል” አሉኝ።

ወረቀቱ ወደ እኔ ነው የዞረው። እሳቸው ያዩት በግልባጩ ነው። ብዕሬ ከእጄ ወደቀ።

ሳቁ። “የማነብ መሆኔን ያወቀ ጸሐፊ ተጠንቅቆ ይጽፋል። የማላነብ ሲመስለው ልቡን ይጽፈዋል። ስለዚህ በጣቴ እፈርማለሁ።” ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ። “በዚህች መስመር ያን ጊዜ ችሎት ተሳቀብኝ፤ መሬቱንም ለሴትዮዋ ፈረዱላት። እንዲህ የሚጽፍ ማን ነው እያልሁ ፈልጌ ፈልጌ ደረስሁበት። ጠላት ከሚሆነኝ ዘመድ ይሁነኝ አልሁ።”

ልጄስ አልሁ።

“ልጅዎ ደህና ናት። ከልጄ ጋር ስትሳሳቅ ትቻት መጣሁ። አሁን ይጻፉ።”

ጻፍሁ። አቤቱታው የማን ድንበር ላይ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ነገ ግን እጠይቃለሁ። ሽማግሌ የላኩት ለልጃቸው ነው ወይስ ለብዕሬ? ይታይሽን ብጠይቃት “ምን አገባህ፣ ልጅህ ትስቃለች አይደል?” አለችኝ። እሷም ታውቅ ነበር እንዴ?

እርማት፦ በዐርብ ግንቦት ፲፬ ቀን ማስታወሻ ላይ “ግራዝማች ወርቁ ፊደል አይለዩም፤ ይህ የተረጋገጠ ነው” ተብሎ የሰፈረው ቃል ተሰርዞ፣ “ግራዝማች ወርቁ ያነባሉ፤ በግልባጩም ያነባሉ፤ አንብበውም ዝም ይላሉ” ተብሎ እንዲነበብ ታርሟል።