የማክሰኞ ወፍጮ

ዳንግላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1955 ዓ.ም.

ውድ ክንዴ፣

ለጤናዬ ደኅና ነኝ፤ ሌላውን ግን ደኅና ነው ብዬ አልዋሽህም። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሁለታችን ማኅበሩን ለምነን ያስገዛነው ወፍጮ ደጃፍ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ።

ክረምት ላይ፣ ያጣው ሁሉ በፈለገው ቀን በነፃ ሲያስፈጭ፣ ናፍጣ መግዣ አጥተን ሞተሩ አሥራ አንድ ቀን ሲቆም፣ «ችግረኛ ማክሰኞ በነፃ ያስፈጭ፤ በሌላው ቀን ሁሉም ይክፈል» አልሁ። አንተ «ወፍጮው ለማን ተገዛና?» ብለህ ፈረስህን ጭነህ አገርህ ጥርባ ገባህ። እኔም በሆዴ «በደግነት ሞተር አይዞርም» ብዬ ሳቅሁብህ። ግትርነቴን ታውቀዋለህ።

ሞተሩ ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ማክሰኞ ግን አንድም ሰው አልመጣም። የጠገቡ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት በእማማ ዋጋዬ ደጅ ሳልፍ የድንጋይ ወፍጮ ሰምቼ ገባሁ። ዳጉሳ ይፈጫሉ፤ መዳፋቸው ተልጧል።

«ማክሰኞ ለምን አይመጡም?» አልኋቸው።

«ማክሰኞ እዚያ ከታየሁ ሸጋን ማን ለልጄ ይላታል?» አሉኝ። ልጃቸው ሸጋ ይህን ስትሰማ ወደ ጓዳ ገባች።

ለካ አንተ ሚዛኑ ላይ ቆመህ የምትቀልደው ለዋዛ አልነበረም። በወሬህ መሀል የከፈለችውና ያልከፈለችው ሳይለዩ ያልፉ ነበር። እኔ ቀን ለይቼ አዋረድኋቸው። አፍሬያለሁ። ናፍቀኸኛልም፤ ከአንተ ወዲህ እዚህ ቤት የሚያጫውተኝ ሰው የለም።

እንደ ድሮው እናድርግ ብንል ደግሞ ናፍጣው ያልቃል። ስለዚህ አንድ ነገር አሰብሁ። አንተ የሦስት ጥማድ በሬ ጌታ ነህ፤ ድሃ ነው የሚልህ የለም። በሚመጣው ማክሰኞ ዳጉሳህን በፈረስ ጭነህ፣ ሰው እያየህ በገበያው መሀል አልፈህ ና። ተሰለፍና በነፃ አስፈጭ። እኔም ጤፌን ተሸክሜ ከኋላህ እቆማለሁ። ነጋዴው አድማሴም እሺ ብሎኛል። የእኛን ሒሳብ በማግሥቱ ማንም ሳያይ እንከፍላለን። ያን ጊዜ ማክሰኞ የድሃ ቀን መሆኑ ይቀራል።

ሚዛኑ ላይ እስካሁን ሰው አላቆምሁም።

ለእማማ ዋጋዬ «ክንዴ ማክሰኞ ይመጣል» ብያቸዋለሁ። «እሱ ካለ እመጣለሁ» አሉኝ። ገና እንዳልጠየቅሁህ አያውቁም።

ባልንጀራህ ነጋ