ሽማግሌዎቹ ለሊቀ ጳጳሱ ያልነገሩት

ማክ. ኅዳር 9፣ ከት/ቤት መልስ
ደብተሬ፣ ዛሬ የኪቦርድ ልምምድ የለም። የካቶሊክ ቤ/ክናችን ቆሞስ (ዋና ካህን) አባ ጴጥሮስ ከሰበታ ወደ ተጂ ሊዛወሩብን ነው። እዚያ ካህን የለም፤ ቅዳሴ በወር አንዴ ነው አሉ። አዛዡ ሊቀ ጳጳሱ ናቸው፤ እሑድ ለጉብኝት ይመጣሉ።
በጣም ከፍቶኛል። ኪቦርድ ያስተማሩኝ አባ ናቸው። ጥያቄ ሳበዛ “ዝም በይ” የማይሉኝ ትልቅ ሰው እሳቸው ብቻ።
እማዬ ሽማግሌ ይላካል አለች። እፎይ። ወይስ ወይኔ?

ዓርብ ኅዳር 12፣ 11፡00
የሽማግሌዎች ስብሰባ፣ በቤ/ክ አዳራሽ። ሻይ የማድለው እኔ ነኝ። ማለትም ሰላይ።
አምስት ተመረጡ። ሰዓት ሙሉ ክርክር፦ ማን ቀድሞ ይናገር! ሰብሳቢው ኦቦ ቶሎሳ ይከፍታሉ። ጋሽ ዘሪሁን (ጡረተኛ መምህር፤ ካሳሉ ንግግር መጣ ማለት ነው) ያመሰግናሉ። ስለ አባ ማን ይጠይቅ? አልተነሳም። ጠቆም ላደርግ ስል፣ ጋሽ ዘሪሁን፦ “አንቺ ልጅ፣ ስኳር አምጪ።”
አመጣሁ።

እሑድ ኅዳር 14፣ ከሰዓት 9፡00
ከቅዳሴ በኋላ ከሊቀ ጳጳሱ ጋር ምሳ። ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ኦቦ ቶሎሳ “ብፁዕነትዎ” ዐሥራ ሰባት ጊዜ (ቆጠርኩ)። ጋሽ ዘሪሁን አሳሉ፤ ከሐዋርያት ጀምረው ሰበታ እስኪደርሱ ወጡ ቀዘቀዘ። ሦስቱ “ከላይ እንደተባለው” ብለው ተቀመጡ። ጭብጨባ። እንግዳው ሊሄዱ ተነሡ።
ጥያቄውስ? ኦቦ ቶሎሳ ጋሽ ዘሪሁን የጠየቁ መስሏቸዋል። ጋሽ ዘሪሁን ደግሞ፦ “ገብቷቸዋል፤ ትልቅ ሰው እኮ ናቸው!”
የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። ሮጥኩ። በመስኮቱ መስቀል ተሳልሜ አፈነዳሁት፦ አባን አይውሰዱብን! ከኋላዬ የኦቦ ቶሎሳ ድምፅ፦ “ያ ዋቃዮ!” (አምላኬ ሆይ! ማለታቸው ነው)
ሊቀ ጳጳሱ ሳቁ። “እነዚያ ሁሉ አባቶች የቆሙት ለዚህ ነበር?”
ለዚህ ነበር።
ከዚያ ሳቁን ተዉት። ዝውውሩ አይቀርም አሉ። የሰበታ ሰው ደጃቸው ድረስ መጥቶ ያለቅሳል፤ ለተጂ የሚያለቅስለት ግን ማን አለ? እስከ ገና ግን አባ ይቆዩልናል። ደግሞ ጠየቁኝ፦ እኔስ ለተጂ የምሰጠው ምን አለኝ?
“አስቤ እነግርዎታለሁ” አልኩ። እኔ! ጠያቂዋ!

ሰኞ ኅዳር 15፣ ምሽት 12፡10
ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው፣ ሽማግሌዎቹ አባን እስከ ገና “አስቆዩ” ነው። ጋሽ ዘሪሁን እያሳሉ ይተርካሉ። እኔ ታሪኩ ውስጥ የለሁም። ይሁን፣ ደስ ይበላቸው። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።
መልሱን ማታ ሳስብ አደርኩ። ተጂ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። ከገና በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ የዚያን ልጆች መዝሙር ላስተምር። አባ ሲሰሙ መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ።
የቀረው አባዬን ማስፈቀድ ነው። እማዬ፦ “አባትሽማ ሽማግሌ ካልተላከበት እሺ አይልም!” ብላ ሳቀች።
አልልክም። አንዴ አየኋቸው፣ በቃኝ። ራሴ እነግረዋለሁ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ጫማውን ሳያወልቅ። በሩ ተከፈተ መሰለኝ፤ አባዬ ነው፤ ሄድኩ።