ከላይ ነው ከታች?

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.፣ ላፍቶ

ምንም አልገባኝም። ለላቦራቶሪያችን ከውጭ የመጣው ኢንዛይም የጤፍ ጭድን ወደ ስኳር መለወጥ ካቃተው ወር አለፈው። ጎረቤቴ ጋሽ ቶላ ለቤታቸው ምርጊት ባቦኩት ጭቃ ውስጥ ግን ጭዱ በሁለት ሳምንት ሟሟ። ቅዳሜ ከጭቃው ውሃ ቀድቼ አጣራሁና ላቦራቶሪ ወስጄ ጭድ ላይ አፈሰስኩት። ትናንት ስፈትሸው ሰማያዊው መመርመሪያ ቀላ፤ ስኳር ወጥቷል ማለት ነው። አላስቻለኝም፣ ሄጄ ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ሐሙስ ከበላይ ለሚመጡት ጓዶች አሳዪ አሉኝ።

እሑድ ደግሜ የቀዳሁትን ዛሬ ስፈትሽ ግን ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። የጭቃው ጉድጓድ ያው፣ ጭዱ ያው፣ ሙቀቱም ያው ነው።

ከሥራ ስመለስ ለጋሽ ቶላ ነገርኳቸው። «ቅዳሜ የቀዳሽው ከላይ ነው ከታች?» አሉኝ።

«ልዩነት አለው?»

«እንዴት አይኖረው ልጄ፤ ከላይ ያለው ገና ጥሬ ነው። የሚቦካው ከታች ነው።»

ደብተሬን ገለበጥኩ። ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ ግራሙን እስከ ነጥቡ ጽፌአለሁ። ከላይ ይሁን ከታች ግን አልጻፍኩም፤ ትዝም አይለኝም።

«እንግዲያው ነገ ከታች እቀዳለሁ» አልኳቸው።

እግራቸውን አሳዩኝ፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። «የቱን ታች? አሁን እኮ አገላብጬ ረገጥኩት።»