በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ስም

ለምወድሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከተኛሽበት አልጋ ድረስ ይምጣልሽ። የጉበትሽ ሕመም ቀለል አለሽ? እኔ ናፍቆትሽ ከመበርታቱ በቀር ደህና ነኝ።

ሥራ ቦታ ግን ሰላም የለም። የጉበት ካንሰር መድኃኒት የምንሞክርባቸውን ሴሎች ታውቂያቸዋለሽ፤ በብልቃጥ የማሳድጋቸው፣ «ልጆችሽ በሉ ወይ?» እያልሽ የምትስቂብኝ። ከልክ በላይ ፈጥነው ሲባዙብኝ ጊዜ ማንነታቸውን አስመረመርኩ። ለካ ጉበት አይደሉም፤ የሌላ ሰው የማሕፀን ካንሰር ናቸው። ድሮ አንዱ ቸኩሎ በአንድ መምጠጫ ሁለት ብልቃጥ ነክቶ ይሆናል። እንግዳው ሴል ተባዝቶ ባለቤቱን የጉበት ሴል አጠፋ፤ በብልቃጡ ላይ ያለው ስም ግን አልተለወጠም።

ውጤቱን ለኃላፊያችን ወሰድኩለት።

«አንቺ ልጅ፣ የአሥር ዓመት ሥራችንን በአንድ ወረቀት ልትንጂው ነው?» አለኝ።

«እኔ ምኑን ናድኩት? መሠረት የለውም ነው ያልኩት።»

«ምላስሽ ከዲግሪሽ ይረዝማል!» ብሎ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ተቀበለኝ። ከዚያም «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቶ ፈርሚ አለኝ።

እትዬ፣ ያን እኔው ያሞገስኩልሽን አዲሱን መድኃኒት ጀመርሽው? ስሙን ከካርቶኑ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጠሽ ላኪልኝ። ሐኪምሽ ሌላ መድኃኒት ካነሳም እምቢ አትበዪው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እንዲሁ ማወቅ ፈልጌ ነው። ብቻ ዛሬውኑ መልሽልኝ።

ፈጣሪ አንቺን አያሳጣኝ። ወረቀቱን ብትገለብጪው የኃላፊያችንን ጽሑፍ ታገኚዋለሽ፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። እኔ የምፈርመው በዚህኛው ገጽ ነው።

ታናሽሽ