ለድንኳን ቁጥር 17 ስለተሰጠው የሦስተኛነት ደረጃ የቀረበ ምስጋና

ለፀደይ ቅዳሜና እሁድ ዝግጅቶች አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
አዳማ
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባልደረቦችዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እግራችሁ ከአምስት ኪሎ ሜትሩ ሩጫ፣ ጉሮሮአችሁ ከማይክሮፎኑ፣ ጆሮአችሁም ከድምፅ ማጉያው አገግሞ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ሥራችሁ ሁሉ በሳምንት ሁለት ቀን ሕዝብን ማስደሰት በመሆኑ አምስቱን ቀን በደንብ እንደምታርፉም አልጠራጠርም።

እኔ ዘመናይ ወልደአማኑኤል እባላለሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። አንድ ፎቶግራፍ ከግድግዳ ለማውረድ ሦስት ሳምንት ካልበቃው መሥሪያ ቤት ጋር ራሴን ሳነጻጽር ግን ፈጣን ሠራተኛ መሆኔን ተረድቻለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በአዳራሻችሁ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁት የልጄ የትህትና ፎቶግራፍ ከአርባዋ በፊት ይመለስልኝ። አርባዋ ኅዳር 7 ቀን፣ እሁድ ነው።

ትህትና ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ዱከም ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ በጥራት ተቆጣጣሪነት ትሠራ ነበር፤ በየጠዋቱ በሠራተኞች ሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። ረቡዕ መስከረም 28 ቀን ሚኒባሱ ሞጆ አጠገብ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨ። ሐሙስ ቀበርናት። ዕድራችንም እንደ ወጉ በደጃችን ድንኳን ተከለ። በድንኳኑ ራስጌ፣ በአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ በምረቃዋ ዕለት የተነሳችውን ፎቶ አስቀመጥን። በትልቁ የታተመ ሌላ ፎቶ የላትም። ያነሳት ፎቶ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ የቀሩት ሥዕሎቿ በአደጋው በጠፋው ስልኳ ውስጥ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ጽሕፈት ቤትዎ ያደረገልኝን ውለታ በተራ ቁጥር እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ድንኳኑ። በሰፈራችን መንገድ ላይ ለከፈታችሁት የቅዳሜ ባዛር ድንኳን ስላጠራችሁ ከየሰፈሩ ዕድር እየለመናችሁ ተውሳችኋል። የእኛም ዕድር ሁለቱን ሰጥቷችኋል፤ ሦስተኛው ለእኔ ለቅሶ ቀረ። ስለዚህ ቅዳሜ ጥቅምት 1 ቀን፣ በሣልስቷ ዕለት፣ የሰፈራችን ኮብልስቶን ከዳር እስከ ዳር የዕድር ስም በተጻፈባቸው ድንኳኖች ተሞልቶ ነጋ። በአንዱ ማር ይሸጣል፣ በአንዱ የሕፃናት ፊት በቀለም ይሳላል፣ በአንዱ ሳሙና ይተዋወቃል፣ በአንዱ ደግሞ እኛ ተቀምጠን እናለቅሳለን። ባልደረባዎ ወረቀትና ሙጫ ይዞ ሲያልፍ ምሰሶአችን ላይ 17 ቁጥርን ለጥፎ ሄደ። አሥራ ስድስት ሳሙናው ነው፤ አሥራ ስምንት የሚከራዩ ብስክሌቶች ናቸው። ሳናመለክት በገዛ ደጄ ላይ ቦታ ስለሰጣችሁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መድረኩም ከእኛ መቶ እርምጃ አይርቅም ነበር። ባለ ማይክሮፎኑ በየአምስት ደቂቃው "እጅ ወደ ላይ! ድንኳን ውስጥ ያላችሁም! አልሰማኋችሁም!" ይል ነበር። የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ቀነዓ፣ የሰባ ዓመት ሰው ናቸው፣ ድምፁ እንዲቀነስ ሊለምኑ ሄዱ። "አባባ፣ ምርጫ ካለዎት ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ" ተባሉ። ጻፉ። "እባካችሁ ዝም በሉልን" ብለው ነው የጻፉት። ባለ ማይክሮፎኑ አንብቦ "ይህን ዘፈን አላውቀውም፣ የማን ነው?" አላቸው።

ክቡር ሆይ፣ በሰው ደስታ የምቀና ሴት እንዳልመስልዎ እፈራለሁ። ትህትና ራሷ ለእሁዱ ሩጫ ተመዝግባ ነበር። የሰጣችኋት ቢጫ ቲሸርት እስካሁን በር ላይ ተሰቅሏል፤ አላነሳሁትም። በሕይወት ብትኖር ኖሮ ያን ቀን ከመድረኩ ፊት እጇን ወደ ላይ ከሚያነሱት መጀመሪያዋ እሷ ትሆን ነበር። ልጄ የምትወደውን ነገር እንድጠላው ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ይህም ቀላል ሥራ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ድንኳኖቹን ስላወዳደሩት ዳኞቻችሁ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ ባጅ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሦስት ሰዎች ገቡ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስለነበር አብዛኛውን የነገረችኝ ፎዚያ ናት። ፎዚያ ማለት የግድግዳ ጎረቤቴ፣ ትህትናን ከእኔ እኩል ያሳደገች ሴት ናት። ዳኞቹ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አላሉም። ከትሪው ንፍሮ ቆነጠሩና ቀመሱ። አንደኛዋ ለጓደኛዋ "ጨው አንሶታል" አለቻት፤ ጓደኛዋ ጻፈች። አቶ ቀነዓ ተነስተው "ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ይህ እኮ ለቅሶ ነው" ቢሏቸው "አዎ አባባ፣ ለቅሶ ብለን ነው የመዘገብነው፤ ኮንሰፕቱ ደስ ይላል" ብለው አጽናኗቸው። ከዚያ ፎዚያ ስታለቅስ ካሜራ የያዘው ቀረብ አለና "ማዘር፣ አንዴ ይድገሙልን፣ መጀመሪያውን አልያዝኩትም" አላት። ፎዚያ መልስ የሰጠችው ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ነው። ሦስቱም እየሳቁ ወጡ፤ ዝግጅታችን እጅግ እንደገረማቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ፎቶው። ሲወጡ አንደኛዋ ከጠረጴዛው ላይ ፎቶውን አነሳች። እኔም አየሁ። ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ አልደብቅዎትም፤ ባጃቸውን አይቼ ከፋብሪካዋ የመጡ መሰሉኝ። የፋብሪካው ሰዎችም እንዲሁ ባጅ አንጠልጥለው ነው ቀብር የመጡት፤ የሥራ ጓደኞቿም ፎቶዋን አስፍተን እናሳትማለን ብለው ነበር። "እንወስደዋለን፣ ሰኞ እንመልሳለን" ስትለኝ ራሴን ነቀነቅሁ። "ተባረኪ ልጄ" ብዬ መረቅኋት። ያንን ምርቃት ፎቶው ሲመለስ አብራችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛ፤ ስለ ምስክር ወረቀቱ። ማክሰኞ ዕለት ማኅተም ያለበት፣ ጠርዙ በወርቃማ ቀለም ያጌጠ ወረቀት ደረሰን። ድንኳን ቁጥር 17 በባህላዊ ትዕይንት ዘርፍ ሦስተኛ ወጥቷል ይላል። አንደኛ ከዓለም ጤና ከተማ የመጡት ሽንኩርት አምራቾች፣ ሁለተኛ የማር ሻጮቹ ናቸው፤ እንኳን ደስ ያላቸው። ከሥሩ የዳኞቹ አስተያየት ነበር። "አቀራረቡ ልብ ይነካል። ከተመልካች ጋር ያለው መስተጋብር ሕያው ነው። ሆኖም የሙዚቃ እጥረት ስለታየበት ለሚቀጥለው ዙር ቢሻሻል።" ሕያው የተባለው የፎዚያ ነጠላ ጫማ ይመስለኛል። ስለ ሙዚቃው ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለሚቀጥለው ዙር የሚሆን ሌላ ልጅም የለኝም።

ያን ዕለት ነው ፎቶውን የወሰደው ማን እንደሆነ የገባኝ።

አምስተኛ፤ ስለ ጽሕፈት ቤትዎ መስተንግዶ። ረቡዕ ጠዋት ወደ አዳራሻችሁ መጣሁ። ልጄን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ በመግቢያው ፊት ለፊት ሰቅላችኋታል፣ ከሥሯም "የአዳማ ፈገግታ" ብላችሁ ጽፋችኋል። በግራዋ የተጌጠ ባጃጅ አለ፤ በቀኟ የሽንኩርት ክምር አለ። ወይዘሪት ሊዲ የምትባለው ሠራተኛችሁ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ አመጣችልኝ። ፎቶውን እንደማየው አይታ "ታምራለች አይደል ማዘር? ጎብኚው ሁሉ እሷ ጋ ነው ሰልፊ የሚነሳው" አለችኝ። ልጄ መሆኗን ስነግራት ደስ አላት። ፎቶ ለማውረድ ግን በፎቶው ላይ ያለችው ግለሰብ ራሷ ቀርባ መፈረም እንዳለባት አስረዳችኝ። "መምጣት አትችልም፣ አርፋለች" አልኳት።

ክቡር ሆይ፣ ወይዘሪት ሊዲ አለቀሰች። በእውነት አለቀሰች፤ ከመሥሪያ ቤትዎ "ነፍስ ይማር" ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ፌዝ የማመሰግነውም እሷን ብቻ ነው። ዓይኗን ጠርጋ ወደ እርስዎ ቢሮ ገባች። ስትመለስ ግን የእርስዎን ቃል ይዛ ነው የመጣችው። ፊቴን ሳታይ፣ ቀስ ብላ፣ "እሷ መቅረብ ካልቻለች ውክልና ትስጥዎት ብለዋል" አለችኝ።

ይህን መመሪያዎን ቤቴ ሄጄ ብዙ አሰብኩበት። ከሦስት ቀን በኋላ በውክልናው ፈንታ የሞት ማስረጃ ይዤ ተመለስኩ። ማስረጃውን ተቀበላችሁ፣ ፎቶኮፒ አደረጋችሁ፣ ፋይል ከፈታችሁ። ከዚያም ፎቶው በዐውደ ርዕዩ ንብረትነት ስለተመዘገበ የሚወርደው የፀደዩ ዝግጅት ከሚዘጋበት እሁድ በኋላ እንደሆነ በደብዳቤ አሳወቃችሁኝ። የመዝጊያው እሁድ ኅዳር 7 ነው። በደብዳቤው ግርጌ ላይ በመዝጊያው ዕለት በክብር እንግድነት እንድገኝ ጋብዛችሁኛል።

ግብዣውን ተቀብያለሁ።

ጉዳዩን ለዕድራችን አቅርቤ ባለፈው እሁድ ተመካክረንበታል። አቶ ቀነዓ "ሟች ባለችበት ነው የሚለቀሰው" ብለው ተናገሩ፤ የተቃወመ የለም። ስለዚህ ፎቶው እስከ ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ ቤቴ ካልደረሰ፣ የትህትና አርባ በእናንተ አዳራሽ ይውላል። እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ አግዳሚዎቻችንን ተሸክመን እንመጣለን። ሁለት መቶ ሰዎች ያህል እንሆናለን። የፋብሪካዋ ልጆችም ከዱከም ይመጣሉ። ማስታወቂያችሁ "መግቢያ በነፃ፣ ለሁሉም ክፍት" ስለሚል ፈቃድ አንጠይቅም። ባጃጁንና ሽንኩርቱን አንነካም። ከሥዕሏ ሥር ተቀምጠን እንውላለን እንጂ ሌላ የምናደርገው የለም።

ሰልፊ ለመነሳት የሚመጡ ጎብኚዎች ካሉም ቦታ እንለቅላቸዋለን። ተነስተው ሲጨርሱ ግን አብረዋት ፎቶ የተነሱት ልጅ ማን እንደነበረች፣ የት ትሠራ እንደነበር፣ በየትኛው ቀን እንደተቀበረች እነግራቸዋለሁ። ለእያንዳንዳቸው፣ አንድ በአንድ፣ እስኪመሽ። የክብር እንግዳ ንግግር ማድረግ እንዳለበት አውቃለሁ።

የከተማችን ቅዳሜና እሁድ በእርስዎ አመራር ከዚህም በላይ እንዲደምቅ፣ ቤትዎም ድንኳን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ እንዲጠበቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህን ከሥራዎ የሰረቅሁትን ጊዜ ይቅር እንዲሉኝ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ዘመናይ ወልደአማኑኤል
የትህትና እናት

ግልባጭ፦
ለዕድራችን ጽሕፈት ቤት
ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ
ለአዳራሹ የጥበቃ ሠራተኞች፣ በዕለቱ የበሩን ሁለቱንም ክንፍ እንዲከፍቱልን

ማስታወሻ፦ የሰጣችሁኝን የፎቶ ማውረጃ መጠየቂያ ቅጽ ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በሰባተኛው መስመር በፎቶው ላይ ያለችውን ግለሰብ ስልክ ቁጥር ትጠይቃላችሁ፤ ባዶ ከተተወ ቅጹ አይታይም ስለተባለ ቁጥሯን ጽፌአለሁ። እኔ በየጠዋቱ እደውላለሁ፤ "የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም" ይለኛል። ምናልባት ለመሥሪያ ቤት ስልክ ታነሳ እንደሆነ እርስዎ ይሞክሩት። ካነሳች ፊርማውንም ውክልናውንም ይተዉት፤ እኔን ብቻ አገናኙኝ።